የመንግሥት ድረ ገጽ በማን መለኪያ ይመዘን?

መንግሥት ለሕዝብ ሲጽፍ እንዴት መጻፍ እንዳለበት በአገራችን አዲስ ጥያቄ አይደለም። ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ በራስጌው ቁጥርና ቀን አለው፤ ከዚያ በታች ለማን እንደ ተጻፈ ይነገራል፤ «ጉዳዩ» ተብሎ ፍሬ ነገሩ በአንድ መሥመር ይገለጻል፤ በመጨረሻም የኀላፊው ፊርማና የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያርፍበታል፤ ግልባጩ ለእነማን እንደ ተላከ በግርጌው ይዘረዘራል። ቁጥርና ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ከመዝገብ ቤት ተመልሶ መሄዱ የታወቀ ነው። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም ዓመቱንና ቁጥሩን በግንባሩ ይዞ ይወጣል። ይህ ሥርዓት ለጌጥ የቆመ አይደለም። ወረቀቱን የያዘው ሰው ነገሩ መቼ እንደ ተወሰነ፣ ማንን እንደሚጠይቅበትና ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ እንዲያውቅ የቆመ ነው።

ይኸው መንግሥት በድረ ገጽ ሲጽፍ ግን የገዛ ራሱን ሥርዓት ሲዘነጋ እናያለን። በገጹ ላይ አርማው አለ፤ ሰንደቅ ዓላማው አለ፤ የኀላፊው ፎቶግራፍና የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት አለ፤ ራእይ፣ ተልእኮና ዕሴቶች በተራ ተደርድረዋል። የአገልግሎቱን ዋጋ፣ ይዞ መቅረብ ያለበትን ማስረጃና ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን የፈለገ ባለጉዳይ ግን ብዙ ይደክማል፤ አንዳንዴም ሳያገኝ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ክርክር አጭር ነው። የመንግሥት ድረ ገጽ ደረጃውን ጠብቋል ለማለት የሚበቃው ባለጉዳዩ ከገጹ ይዞት የሚሄደው መልስ ነው እንላለን። መሥሪያ ቤቱ ስለ ራሱ ያሳየው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለመመዘኛ የመረጥነው ቦታ ሮብ ገበያ ነው። ሮብ ገበያ በምሥራቅ ጎጃም በስናን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚያስረዳው በገበያ ቀኗ የተጠራች ናት። የመረጥናት ከሌሎች የተለየች ሁና አይደለም፤ እንደ እርሷ በገበያ ቀን የተሰየሙ፣ በገበያ ቀን የሚሞሉ ከተሞች በአገራችን ብዙ ስለ ሆኑ ነው። ለአዲስ አበባና ለባሕር ዳር ቢሮዎች ተስማምቶ የተሠራ ገጽ በእንዲህ ያለች ከተማ ካልሠራ፣ ለአብዛኛው ሕዝብ አልሠራም ማለት ነው።

ሂሳችንን ስናቀርብ የማንኛውንም መሥሪያ ቤት ገጽ በስም እየጠራን አንነቅፍም። ድረ ገጽ ዛሬ ተበላሽቶ ነገ ይታደሳልና በስም የተጻፈ ነቀፋ ቶሎ ያረጃል። የምንነቅፈው ልማዱን ነው፤ ልማዱ ገጹ ከታደሰ በኋላም ሊቀር ይችላልና።

፩ መለኪያዎቹ የሚሉት

ስለ ድረ ገጽ ደረጃ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ያወጣው የተደራሽነት መመሪያ ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሁለተኛው በ2008 ወጣ፤ ሁለተኛውን ያስፋፉት 2.1 እና 2.2 የተባሉት እትሞች በ2018 እና በ2023 ተከተሉ። መመሪያው በአራት መሠረቶች ላይ የቆመ ነው፤ ገጹ የሚታይ ወይም የሚሰማ፣ ለመጠቀም የሚቻል፣ የሚገባና በልዩ ልዩ መሣሪያ ላይ የሚጸና ይሁን ይላል። በቃል ብቻም አይቀርም፤ ቁጥር ይሰጣል። ተራው ጽሑፍ ከመደቡ ቢያንስ 4.5 ለ 1 በሆነ የብርሃን ልዩነት ይታይ፤ በጣት የሚነካው ቁልፍ በመደበኛው ከ24 በ24 ፒክሰል አይነስ፤ ጽሑፍ በፎቶግራፍ መልክ አይቅረብ፤ ገጹ የተጻፈበት ቋንቋ በኮዱ ውስጥ ይጠቀስ፤ እነዚህና የመሳሰሉት ይገኙበታል።

ከዚህም ሌላ መንግሥታት የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሻሻለችው ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የመረጃ መሣሪያ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን እንዲሆን አስገድዳለች። ሕንድ በ2009 የመንግሥት ድረ ገጾችን መመሪያ አወጣች። እንግሊዝ በ2012 ተበታትነው የነበሩትን ገጾች ወደ አንድ ወደ ጎቭ ዩኬ መሰብሰብ ስትጀምር በመሠረታዊ ደንቦቿ ራስ ላይ ያስቀመጠችው ከተጠቃሚው ፍላጎት መነሣትን ነበር።

በእኛም አገር ባዶ ቦታ የለም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት የተባለው መረብ ወረዳዎችን ከፌዴራልና ከክልል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት ተዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ ጸደቀ። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ስለ ሥራቸውና ስለ አገልግሎታቸው መረጃ እንዲያወጡ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ኢንተርኔትን ጨምሮ መረጃ ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን ያዝዛል።

እንግዲህ ደንብ አጣን ብለን አናለቅስም። ችግሩ ደንቡን በምንቀበልበት አኳኋን ላይ ነው። ለማየት የሚቀልለው ይፈጸማል፤ ለመሥራት የሚከብደው ይቀራል። አንድ ምሳሌ ብቻ እንስጥ። የሰንደቅ ዓላማችን ቀለማት በመንግሥት ገጽ ላይ መታየታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ንጹሑ ቢጫ ቀለም በነጭ መደብ ላይ ፊደል ሁኖ ሲጻፍ የብርሃኑ ልዩነት ከ1.1 ለ 1 አይበልጥም፤ ከሚፈለገው ከ4.5 ለ 1 እጅግ የራቀ ነው። በፀሐይ ላይ ቁሞ ስልኩን የሚመለከት ሰው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ጨርሶ አያየውም። ሰንደቅ ዓላማውን ለማክበር ተብሎ የተጻፈው ቃል ዜጋው ሳያነበው ቀረ ማለት ነው።

፪ ገጹን የሚያነበው ማን ነው?

«የሮብ ገበያ ገበሬ ኢንተርኔት አይከፍትምና ስለ ድረ ገጽ ጥራት መጨነቅ የከተማ ሰው ነገር ነው» የሚል አስተያየት ሊነሣ ይችላል። ይህን አስተያየት የምናከብረው ከእውነታ የተነሣ ስለ ሆነ ነው፤ መደምደሚያውን ግን አንቀበልም።

ገበሬው ከመንግሥት ጋር በጽሑፍ ሲነጋገር በገዛ እጁ ጽፎ የኖረ አይደለም። በፍርድ ቤትና በወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ባለጉዳዩ ነገሩን በቃሉ ይናገራል፤ ጸሐፊው በመንግሥት ቋንቋ ይጽፍለታል። አሁን በየትንሹ ከተማ ከማመልከቻ ጸሐፊው ጐን የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተጨምሯል፤ በቤትም ውስጥ አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ስልክ ይዞ ተቀምጧል። ድረ ገጹ ወደ ገበሬው የሚደርሰው በእነዚህ ሰዎች አፍና እጅ ነው። ስለዚህ የገጹ አንባቢ ሁለት ነው፤ አንዱ ዓይኑን የሚያውስ፣ ሌላው ጉዳዩ የሚነካው።

ይህ ነገር በገጹ አሠራር ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በልጅ አፍ የሚነበብ ጽሑፍ ሲሰማ የሚገባ መሆን አለበት። «አግባብነት ያላቸውን ደጋፊ ሰነዶች አሟልቶ በመቅረብ» የሚለው ሐረግ ለጸሐፊው ራሱ ምንም አይነግረውም፤ «የመሬት ይዞታ ደብተርህን፣ መታወቂያህንና የጋብቻ ማስረጃህን ይዘህ ና» የሚለው ግን ጮኾ ቢነበብ አሮጊቷም ትረዳዋለች። ዓለም አቀፉ መመሪያ ከፍ ባለው ደረጃው፣ ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በላይ የሚጠይቅ ጽሑፍ ቀለል ያለ ትርጓሜ ይጨመርለት ይላል። ይህ ለእኛ ከሁሉ ቀድሞ መፈጸም የሚገባው ነው። ከዚህም ሌላ ገጹ በወረቀት መታተም አለበት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ አትሞ የሚሰጠው ቅጠል በግማሹ ማስታወቂያና ሥዕል ሁኖ ፍሬ ነገሩ ከተቈረጠበት፣ ገበሬው ባዶ ወረቀት በገንዘቡ ገዛ ማለት ነው።

የገበያ ቀንም ሊታሰብ ይገባል። ከገጠር የሚመጣው ሰው እህሉን ሽጦ፣ ጨውና ዘይቱን ገዝቶ፣ የመንግሥት ጉዳዩንም በዚያው ቀን ጨርሶ መመለስ ይፈልጋል። በሮብ ቀን የተዘጋ ገጽ ለእርሱ የአንድ ሳምንት መዘግየት ነው። የአዲስ አበባ ሰው «ከሰዓት በኋላ እንደ ገና እሞክራለሁ» የሚለውን እርሱ ለሚመጣው ሮብ ያሳድረዋል፤ በመካከሉም የማመልከቻው ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል።

ይህን ስንል የሕዝቡን ችሎታ ዝቅ አድርገን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም በአጭር ቁጥር ስለሚሠራ በብዙ ገጠር ከተሞች ገብቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤትም በድረ ገጽ፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በቴሌግራም ሲገለጽ ተማሪው በያለበት ይደርሰዋል። ይህን አሠራር ሳናመሰግነው አናልፍም። ተማሪውን ብዙ አይጠይቀውም፤ የምዝገባ መለያውን ብቻ ተቀብሎ ለጠየቀው ነገር መልስ ይሰጠዋል፤ አንዱ በር ቢጨናነቅ ሌላው ይቀራል። ሌላው የመንግሥት ገጽ ሁሉ ስለ ምን እንዲህ አይሆንም ብለን እንጠይቃለን።

፫ ቀን፣ ሰዓት፣ ስምና ፊደል

ከውጭ የመጣው መለኪያ የማይነግረን፣ እኛው ለራሳችን መጨመር ያለብን ነገር አለ። ከሁሉ አስቀድመን የዘመን አቈጣጠራችንን እናንሣ። የድረ ገጽ ቅርጾች አብዛኞቹ ተዘጋጅተው የሚገዙት ከውጭ ነው፤ የቀን መምረጫቸውም አሥራ ሁለት ወር እንጂ ጳጉሜን አያውቅም። በዚህ የተነሣ ማስታወቂያው በአማርኛ ተጽፎ ቀኑ በፈረንጅ አቈጣጠር ይወጣል፤ ወይም የትኛው እንደ ሆነ ሳይነገር በቁጥር ብቻ ይቀመጣል። «እስከ 30» የሚል ማስታወቂያ ወሩ መስከረም ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ሴፕቴምበር ከሆነ ሌላ ነው፤ ሴፕቴምበር 30 በእኛ ብዙ ጊዜ መስከረም 20 ነውና። አሥር ቀን ያለው የመሰለው ሰው ወደ ከተማ ሲወርድ ምዝገባው ከተዘጋ አሥር ቀን ሆኖታል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በእኛ አቈጣጠር ቀኑ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፤ በኮምፒዩተሩ አቈጣጠር ከእኩለ ሌሊት። በገጹ ላይ «እስከ 11፡00 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ የሮብ ገበያው ሰው ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት እንደ ሆነ ይረዳዋል፤ ጽሑፉን ያወጣው መሣሪያ ግን ከጧቱ አምስት ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል። የስድስት ሰዓት ስሕተት በእኛ ዘንድ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ለዚህ መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በሁለቱም አቈጣጠር መጻፍና «ከጧቱ»፣ «ከቀትር በኋላ» ብሎ በቃል መግለጽ።

ስለ ስምም ብዙ የሚባል አለ። «የመጀመሪያ ስም፣ የቤተ ሰብ ስም» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ለእኛ የተሠራ አይደለም። እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም አለን፤ እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት አንድ የቤተ ሰብ ስም የላቸውም። አንድ ሰው በአንዱ ቅጽ በቤተ ሰብ ስም ቦታ የአባቱን፣ በሌላው የአያቱን ቢጽፍ በመዝገብ ሁለት ሰው ይሆናል። ይህም ልዩነት ፓስፖርት ሲወጣ፣ ውርስ ሲጠየቅ፣ የትምህርት ማስረጃ ሲነጻጸር ወደ ፍርድ ቤት ድረስ የሚያስኬድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የፊደል ነገር ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ድምፃቸው አንድ ሁኖ መልካቸው ልዩ ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ የሚያየው መልኩን ነው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ የለም ይባላል። የከተማችን ስም ራሱ ምስክር ነው። አንዱ «ሮብ ገበያ» ይላል፤ ሌላው «ሮብገበያ» ብሎ ያጣብቀዋል፤ ሦስተኛው የግእዙን ሥር ጠብቆ «ረቡዕ ገበያ» ብሎ ይጽፋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የጸሐፊው ብዛት ያህል አጻጻፍ አለው። እንግዲህ አንድ ባለጉዳይ የወረዳውን ከተማ ከዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ሲያጣ፣ ያጣው ከተማውን ሳይሆን ያልተስማማንበትን ፊደል ነው። ፊደሉን ይቀነስ የሚለውን አሮጌ ክርክር ዛሬ አናነሣም። ሊቃውንቱ እስኪስማሙ ድረስ ግን የመፈለጊያው ሳጥን ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን እንደ አንድ ቈጥሮ እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል፤ በጽሑፉ ላይ የሚታየው ፊደል እንደ ተጻፈ ይቀመጣል። ይህ በደንብ ተጽፎ በመንግሥት ገጽ ሁሉ ሊታዘዝ ይገባዋል።

የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ይጻፍ የነበረው ጽሑፍ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የተለበጠ ስለ ሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ጥርቅም ይሆናል። በዚያ ዘመን የተጻፉ ሰነዶች እንዳሉ ተገልብጠው የሚወጡበት ልማድ ሊቆም ይገባል። አዋጆችም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በስካን በተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰነድ ቃል አይፈለግበትም፤ ለዓይነ ስውር የሚያነበው የድምፅ መሣሪያም ከባዶ ወረቀት አይለየውም። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የፌዴራል ሕግ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢለያዩ የበላይነት ያለው የአማርኛው ነው። የበላይ የሆነው ቅጂ የማይፈለግ፣ የማይነበብ ፎቶግራፍ ሁኖ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

፬ የገጹ ክብደት

ድረ ገጽ ክብደት አለው፤ ክብደቱንም ከፋዩ ባለጉዳዩ ነው። ነገሩን በቁጥር እናስላው። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። አሥር ሺህ ፊደል ያለው ረዥም ማስታወቂያ እንግዲህ 30 ኪሎ ባይት ያህል ይሆናል። በስብሰባ ላይ የተነሣ፣ ሳይቀነስ የተለጠፈ አንድ ፎቶግራፍ 3 ሜጋ ባይት ቢሆን የዚህ ማስታወቂያ መቶ እጥፍ ነው። በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት በሚያስተላልፍ ደካማ መሥመር ማስታወቂያው በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ሲደርስ ፎቶግራፉ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ባለጉዳዩ የኀላፊዎችን ስብሰባ ለማየት አራት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ገንዘቡም ያልቃል፤ የመጣበትን ጉዳይ ሳያይ መሥመሩ ይቋረጣል።

መሥመሩ ጨርሶ የማይኖርበት ጊዜም አለ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያ ወቅት በድረ ገጽና በቴሌግራም ብቻ የሚወጣ ማስታወቂያ ሁሉ ለጎጃም ገጠር ያልወጣ ያህል ነበር። ከዚህ የምንማረው በድረ ገጽ ላይ የዋለ ነገር በወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳም መዋል እንዳለበት ነው። ይህ እንዲሆን ገጹ ራሱ ሲዘጋጅ በአንድ ቅጠል ወረቀት ታትሞ እንዲለጠፍ ሁኖ ይዘጋጅ። ገጹን የሚሠራው ሰው ጽሑፉ በሮብ ገበያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ምን ይመስላል ብሎ ቢጠይቅ፣ የማይረባውን ቃል ራሱ ይቈርጠዋል ብለን እናምናለን።

፭ ስለ ምን ባዶ ይቀራል?

እስካሁን የዘረዘርናቸው ጉድለቶች ሁሉ ከቸልታ ወይም ከዕውቀት ማነስ የመጡ ናቸው ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። ነገር ግን ሌላ ምክንያት እንዳለ ሳንናገር ብናልፍ ሂሳችን ጐደሎ ይሆናል።

የአገልግሎቱ ዋጋ፣ የሚፈለገው ማስረጃና የሚፈጀው ቀን በግልጽ ከተጻፉ «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ኀይሉን ያጣል። ዝርዝሩን ብቻውን የሚያውቀው ሠራተኛ በባለጉዳዩ ላይ ሥልጣን አለው፤ ዛሬ ሁለት ማስረጃ፣ ነገ ሦስተኛ ሊጠይቅ ይችላል። ዝርዝሩ በአደባባይ ከዋለ ግን ከጮቄ ሥር የመጣው ገበሬ የታተመውን ወረቀት ይዞ «የተጻፈው ይህ ነው» ለማለት ይችላል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 በዝክረ ሕግ ታትሟል። አዋጁ ግን መብቱን ይናገራል እንጂ በየትኛው መስኮት፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ተይዞ እንደሚኬድ አይናገርም። በአዋጁና በመስኮቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላው ድረ ገጹ ነበር። እርሱ ዝም ሲል ባዶው ቦታ በደላላ ይሞላል። የድረ ገጽ ደረጃ ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ከዚህም የተነሣ ጥፋቱን ሁሉ በኮምፒዩተር ባለሙያው ላይ መጫን አይገባም። የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ የሚፈለገው ማስረጃ ይህ ነው ብሎ ካልወሰነ፣ ባለሙያው ከየት አምጥቶ ይጽፈዋል? ገጹ ያማረ እንዲሆን አስቀድሞ ውሳኔው የጠራ መሆን አለበት።

፮ ሁለት ተቃውሞዎች

ገንዘብ የለም የሚለው ተቃውሞ በመጀመሪያ ይመጣል። እኛ ከላይ የጠየቅነው አብዛኛው ነገር ግን ወጪ የሚጨምር ሳይሆን የሚቀንስ ነው። ፎቶግራፍ መቀነስ፣ ቀን መጻፍ፣ ሰነድን በስካን ፈንታ በጽሑፍ ማውጣት፣ ቀለሙን ማጥቈር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ሰው በስሙ ኀላፊ ሁኖ ገጹን በየጊዜው እንዲያነብ ማድረግን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አንድ ዓይነት ቅርጽ የመሥሪያ ቤቶችን መልክ ያጠፋል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ሕግ ሁሉ በአንድ ቅርጽ ሲወጣ የማንም ክብር አልተነካም፤ አንባቢው ግን አንድ ጊዜ የለመደውን ለሁሉ ይጠቀምበታል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣራ ሥር ያሰባሰበው በዚሁ አሳብ ነው። እርግጥ ሁሉም በአንድ በር ሲገባ በሩ የተዘጋ ዕለት ሁሉም ውጭ ይቀራል፤ ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው። ስለዚህ ቅርጹ አንድ፣ በሮቹ ግን ብዙ ይሁኑ፤ ድረ ገጽ፣ አጭር የስልክ መልእክትና የወረዳው ሰሌዳ ያው አንዱን ቃል ይናገሩ እንላለን።

፯ መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ያልነውን በጥቂት ቃል እንሰብስበው። እያንዳንዱ የመንግሥት ገጽ እንደ ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀንና ኀላፊ ይኑረው፤ የታደሰበትም ቀን ይጻፍ። ጉዳዩ፣ ዋጋው፣ ማስረጃውና የሚፈጀው ጊዜ ከፎቶግራፍና ከመልእክት በፊት ይምጣ። ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቈጣጠር ይገለጽ፤ ስም በአገራችን ሥርዓት ይጠየቅ፤ ፍለጋው የፊደሉን ልዩነት ይቻል። ጽሑፍ በፎቶግራፍ ፈንታ ጽሑፍ ሁኖ ይውጣ፤ በአንድ ቅጠልም ይታተም።

ደረጃ የሚመዝኑ ሰዎችም የምንጠይቃቸው አለ። በቢሮ ተቀምጠው አርማው በቦታው መኖሩን ምልክት ከማድረጋቸው በፊት፣ በሮብ ቀን በገበያ ሰዓት፣ በርካሽ ስልክና በደካማ መሥመር ገጹን ይክፈቱ። ጮኾ ይነበብ፤ አጠገባቸው የቆመው ገበሬ ይስማ። ከዚያም ምን ይዞ፣ መቼ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቅ። ሦስቱን ከመለሰ ገጹ ደረጃውን ጠብቋል፤ ካልመለሰ ገጹ ተመልሶ ለመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ይላክ።